ያልተቆጠረው ፍሪጅ

መብራት የጠፋው የሰውየው የቀኝ ዓይን ሌንስ ማሽኑ ላይ በግማሽ እንደተሞረደ ነበር። ሞራጁ ድንጋይ እያቃሰተ ዞረ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ሚጣ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና «አይ የኔ ነገር!» አለች፤ መብራቱን ያጠፋችው እሷ ይመስል።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። ሠላሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ እየሞረደች ፍሬም ላይ የምትገጥም፣ ደንበኛው ሁሉ አንቱ የሚላት ሴት ናት። ቤተሰብ ግን አንዴ ሚጣ ካለ አለ ነው፤ የልጅ ልጅ ብታይም ከሚጣነት አትወጣም።

ሰውየው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፍሬሙ እሷ እጅ ስለሆነ ዓይኖቹን አጥብቦ ድምፅዋ ወደሚመጣበት ያያል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መብራት ሄደ» አለችው።

«አይጨነቁ። እኔ እንደሆንኩ አሁን መብራት ኖረም አልኖረም የማየው አንድ ነው።»

ሳቀች። ወዲያው የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ጀነሬተሩን አስነሣና መንገዱ በጩኸት ተሞላ። ሰውየው ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ይኼ ማሽን ታንቋል። ይሰማዎታል?»

«ለእኔ ሁሉም ጩኸት አንድ ነው።»

«አይደለም። ሲቀለው ያዜማል፣ ሲከብደው ያቃስታል። አሁን አንድ ሰው ካውያ ሰክቷል።»

አፉን ሳይዘጋ ከጎረቤት «ኧረ ካውያውን ንቀሉት፣ ማሽኑን ልትገድሉት ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚጣ አፏን በእጇ ያዘች። ጠንቋይ ነው እንዳትል ቁመናው የጠንቋይ አይደለም፤ የሸሚዙ እጅጌ ላይ የዘይት ጠብታ አለ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ጀነሬተር እመርጣለሁ፣ እተክላለሁ፣ ሲታመምም እጠየቃለሁ።»

«አባቴ ሊገዛ ነው። ትልቁን ካልገዛሁ ብሎ ነው መከራችንን የሚያሳየን።»

«ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ጭነት የሌለው ትልቅ ማሽን ቤንዚን እየጠጣ ጥላሸት ይተፋል። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ይኸው እንደዚህ ይታነቃል። ቤቱን ሳላይ አልናገርም።»

መብራት ሲመለስ ሌንሱን ጨረሰች፤ ፍሬሙን አሙቃ አቀናችና መጥታ ራሷ አጠለቀችለት። ከጆሮው ኋላ እንዳይጠብቀው በጣቷ ነካ አደረገችው። ይኼ የዘወትር ሥራዋ ነው፤ በቀን ለስንቱ ታደርገዋለች። ጣቷ እዚያ ቦታ ላይ ከሥራው በላይ የዘገየው ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«እሺ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ሁሉም።»

«የፊደል ሰሌዳው እኮ ያለው ከኋላዬ ነው» አለችው።

እሱ ግን ሰሌዳውን አላየም ነበር።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት ከመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ከሥራው አይደለም። ስኳር ሲገዙ የወረቀቱ ክብደት ይቀነስልኝ ይላሉ፤ ሻይ ሲቀዳላቸው ብርጭቆውን በዓይናቸው ይለኩታል። ውሃ ቀጠነ ብለው የሚጣሉ ሰው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተጣሉትም አለ። ከግንቡ ማዶ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው። የወላጆቻቸው ግቢ ለሁለት ሲከፈል ግንቡ የሚያልፍበትን መስመር የለኩት እሳቸው ነበሩ፤ እህታቸው መጥተው አዩና «ሜትርህ ጠማማ ነው» አሏቸው። ሌላ ሰው ቢላቸው ስቀው ባለፉት። ዕድሜ ልኩን የሰው ሚዛን ያቀና ሰው ግን ይኼን ከእህቱ አፍ ሲሰማ አጥንቱ ድረስ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆኑ። አባትየው «ከዚህ ግቢ ወደዚያ ግቢ ክብሪት እንኳ አያልፍም» ብለው ማሉ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና መሓላውን እስከ ዛሬ አላጠፉም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደዚህ ቤት ነው የመጣው። ሳሎኑን፣ ኩሽናውን፣ መኝታ ቤቶቹን እየዞረ ጥያቄ አዘነበ። ፍሪጁ ስንት ዓመቱ ነው? የውሃ ፓምፑን የሚያበራው ማነው፣ መቼ? ልብስ የሚተኮሰው በየትኛው ቀን ነው? ቴሌቪዥን እያያችሁ ነው የምትበሉት? ማን ቀድሞ ይተኛል?

«አንተ ልጅ፣ ማሽን ልትመርጥ ነው ወይስ ቆጠራ ነው የመጣኸው?» አሉ አባትየው።

«ጋሼ፣ ከወንበር ሲነሡ ጉልበትዎን ያመዎታል?»

«ያመኛል። ምን ያገባሃል?»

«ከተነሡ በኋላስ?»

«ከተነሣሁማ እሄዳለሁ።»

«ፍሪጅም ፓምፕም እንደዚያው ናቸው። አንዴ ከተነሡ የሚበሉት ጥቂት ነው። ሲነሡ ግን ሁለት ሦስት እጥፍ ይጠይቃሉ። ማሽን የሚመረጠው ለመነሻው ነው። እርስዎ ቤት ፍሪጅና ፓምፕ አንድ ላይ ቢነሡ እንኳ የሚችል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በከንቱ ቤንዚን የማይጠጣ፣ ሦስት ኪሎዋት ይበቃዎታል። ፓምፑ ሲሠራ ካውያ አይሰካም፤ ይኼን ብቻ ይጠብቁልኝ።»

አባትየው በዓይናቸው ለኩት። በዚህ ዘመን ከመናገሩ በፊት የሚለካ ሰው አገኘሁ ብለው ሆዳቸው ተደሰተ፤ ፊታቸው ግን አላሳየም።

«ወደፊት የምትጨምሩት ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ» አለ ልጁ።

«እዚህ ቤት የሚጨመር ሰውም ዕቃም የለም» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ስሙ «ቆጣሪው» ሆነ።

ማሽኑ ተገዛ። ቆጣሪው ከመስኮቶቹ ሁሉ አርቆ የግቢው ጥግ ላይ አስቀመጠው፤ እናትየው «ዝናብ እንዳይመታው በረንዳው ላይ ብናደርገው» ሲሉ «እትዬ፣ ከጭሱ የሚገድለው የማይሸተው ነው፤ ከቤት ጣራ ሥር አያግቡት» አላቸውና ለብቻው ትንሽ ክዳን ሠራለት። የመንገዱንና የማሽኑን መብራት የሚለያይ ማብሪያም ገጠመ። ይኼ ለምን እንደሆነ ሚጣ ስትጠይቀው «ከእኛ የሚወጣው ወደ መንገዱ ሽቦ ቢሄድ፣ እዚያ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ሰው አለ፤ እሱም እናት አለው» አላት። ሚጣ ይኼን መልስ ለረጅም ጊዜ አልረሳችውም።

አዲስ ማሽን መጀመሪያ ጥቂት ከሠራ በኋላ ዘይቱ ይቀየራል። ለዚህ ተመልሶ ሲመጣ በሩን የከፈተችለት እሷ ናት።

«ዘይት ለመቀየር እንዲህ ፀጉር ተቆርጦ ይመጣል እንዴ?» አለችው።

ቆጣሪው እጁን ማጅራቱ ላይ ጫነ። «ማሽኑ አዲስ ስለሆነ አክብሬው ነው።»

«ማሽኑ ነው ያከበርከው?»

እርስዎ የሚለው ቃል መቼ እንደጠፋ ሁለቱም አላስተዋሉም። ዘይቱን ሲቀይር አጠገቡ ቆማ ታያለች፤ ምን እንደሚያደርግ ይነግራታል። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቶ አሳያት። «ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ አየር አጥሮታል። ከነጣ ደግሞ እየተቃጠለ ነው።» ካንዴላውን ለመቀበል ስትዘረጋ ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም ካንዴላውን አዩ። ከካንዴላው ይልቅ ሌላ የሚያዩት ነበራቸው፤ ግን አልደፈሩም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ መነጽር ቤቱ በር ላይ ይጠብቃታል። በእግር ይሸኛታል። ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ግን ስለ ሥራው ሲጠየቅ አያልቅበትም፤ ስለ እሷ ሥራ ሲጠይቅ ደግሞ መልሱን እስኪያገኝ አይሄድም። ሚጣ ወደደችው። በእርጋታ፣ ሳትደነግጥ ወደደችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የራሷን ልብ ስታይ የደረሰ ነገር ሆኖ አገኘችው።

«እሁድ ከአባትሽ ጋር ልነጋገር» አላት አንድ ቀን።

«ስለ ምን?»

«ስለ ዘይት።»

በቡጢ ትከሻውን መታችው፤ እስከ ቤቷ ደጃፍ ድረስም ስትስቅ ሄደች።

ያ እሁድ ሳይደርስ ግን ከግንቡ ማዶ አንድ ነገር ሆነ። መብራት ጠፍቶ ውሎ ያድር ጀመር። አክስትየው የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊናቸው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሙቀቱም ከባድ ነበር። አንድ ቀን እናትየው ልብስ ሲያሰጡ ከማዶ የአክስትየውን ድምፅ ሰሙ፤ ለሠራተኛቸው «ይኼም ተበላሸ፣ ድፊው» ይሏታል። የእናትየው አንጀት አልቻለም። ባልየው እንቅልፍ ላይ ሳሉ ዕቃ ቤት ካለው ሶኬት ረጅም ገመድ ሰክተው፣ በግንቡ ሥር ባለው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አሳለፉት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲነሣ እናትየው ግንቡን በድንጋይ ቆርቆር ያደርጋሉ፤ ከማዶ ያሉት ፍሪጃቸውን ይሰካሉ።

እናትየው ስለ መነሻና ስለ ኪሎዋት ምን ያውቃሉ? የባላቸውን እህት ፍሪጅ ነው ያዩት። ያ ፍሪጅ ግን ሽማግሌ ነው፤ ገመዱም ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ለመነሣት በታገለ ቁጥር ማሽኑን ይዞት ይወርዳል። ከዚህኛው ቤት ፍሪጅና ፓምፕ ጋር አንድ ላይ ሲገጥሙማ ማሽኑ ታንቆ ይጠፋል። አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ደህና ይውላል። አባትየው የዚህን ሚዛን ማግኘት አቅቷቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲብከነከኑ ሰነበቱ።

እሁድ ቆጣሪው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። መብራት የለም፤ ማሽኑ ግቢው ጥግ ላይ ይሠራል። ገና ከመቀመጡ ማሽኑ አቃሰተና ጠፋ።

«እንግዲህ» አሉ አባትየው «ሌላ ነገር ከማውራታችን በፊት ይኼን አስረዳኝ።»

የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ወደ ግቢው ወረደ። ቤንዚኑን አየ፤ ንጹሕ ነው። ዘይቱ ልክ ላይ ነው። ካንዴላው ቡናማ ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ አራገፈ፤ ምንም የለበትም። ማሽኑን አስነሣና ወደ ቤት ገብቶ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አጠፋ፤ ቴሌቪዥኑን፣ አምፖሎቹን፣ ፍሪጁን፣ ፓምፑን። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ አዳመጠ።

ሁሉም ጠፍቷል፤ ማሽኑ ግን ሸክም እንዳለበት ያጓራል። የሆነ ነገር አሁንም ይጎትተዋል።

ሶኬት ሶኬቱን እየተከታተለ ዕቃ ቤት ደረሰ። ከሶኬቱ የወጣው ገመድ ከጆንያው ኋላ ሄዶ በበሩ ሥር ወደ ግንቡ ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ሲያየው እናትየው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የስኳር መድኃኒቷ ነው ልጄ» አሉት በሹክሹክታ። «አንዴ ተበላሽቶባታል።»

«ጋሼ አያውቁም?»

«ካወቀ ይነቅለዋል። በኋላ ይጸጸታል፤ ግን ይነቅለዋል። እኔ የማውቀው ባሌን ነው።»

ቆጣሪው ገመዱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ዛሬ የመጣበትን ጉዳይ እናትየውም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ዓይናቸው እንባ ያቀረረው።

«ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ» አላቸውና ወጣ።

ሳሎን ሲመለስ አባትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ሚጣ ኩሽናው በር ላይ ናት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። መነሻውን አሳንሼ ቆጥሬያለሁ። ከፍ ያለ ማሽን ያስፈልጋል፤ ልክ የሚሆነውን እኔ አመጣለሁ።»

«ልክ?» አሉ አባትየው። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ቤቴን ስትዞር አምኜህ ነበር። የኔ ሥራ ምን እንደነበር ታውቃለህ። ሳያውቅ ከተሳሳተ ሰው ሚዛን አውቆ ያዛባ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ልኩን ያውቃል። ልኩን ለማያውቅ ሰው ምን ይሰጡታል? የመጣህበትን ሌላውን ጉዳይ አውቀዋለሁ። እሱንም ይዘኸው ሂድ።»

ቆጣሪው ተነሥቶ እጅ ነሣ። ሚጣ ውጪው በር ድረስ ተከተለችው።

«ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርከው። አጠገብህ ቆሜ ነበር። እውነት ተሳስተህ ነው?»

«አዎ።»

«ዓይኔን እያየህ በለው።»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። «አዎ፣ ተሳስቼ ነው።»

«ልትቀር ከፈለግህ ቅር። ሰው ይቀራል። በማሽን አታሳብብ!»

 ሚጣ በሩን በላዩ ላይ ዘጋችው፤ ወዲያው ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ የእግሩን ኮቴ አዳመጠች። ኮቴው ሳይነሣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሄደ።

ማሽኑ አልተቀየረም፤ አባትየው «ከሌላም አልገዛም፣ ከእሱም አልወስድም» ብለው በእልክ ተቀመጡ። ማሽኑ ይጠፋል፣ ይነሣል። ሚጣ ሥራዋን ትሠራለች፤ ፍሬም ስታጠልቅ ግን የሰውን ጆሮ እንደ ዕቃ ነው የምትይዘው። እናትየው ልጃቸው ሳትበላ ስትነሣ እያዩ እሳቸውም መብላት ተዉ። አንዴ ሊናገሩ ወደ ባላቸው ቀረቡ፤ ባልየው ቀና ሲሉ «ሻይ ልጨምርልህ?» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እናትየው ማሽኑ ሲነሣ ግንቡን ቆርቁረው ለቅሶ ቤት ሄደዋል፤ አባትየው በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዘው አሸልበዋል። ማሽኑ ይሠራል፤ ሚጣ ልብስ ልትተኩስ ተነሣች። ፓምፑ መጥፋቱን አየች፤ የቆጣሪው ምክር ከቆጣሪው በኋላም በቤቱ ይከበራል። ካውያውን ከመሰካቷ በፊት ማሽኑን ሰማችው።

ያቃስታል።

የሚሠራ ነገር የለም እኮ! ፍሪጁን ነቀለች። ያቃስታል። አምፖሎቹን አጠፋች። አሁንም ያው ነው። የሰማችውን ማመን አቅቷት አንድ ዙር ቤቱን ዞረች፤ እሱ እንዳደረገው፣ እሱ በቆመበት መስኮት አጠገብ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ዕቃ ቤት ገባች።

ገመዱን ይዛ በእጇ እየተከተለች እስከ ግንቡ ሥር ሄደች፤ ውሃ መውረጃው ቀዳዳ አጠገብ ተንበረከከች። ከማዶ የሽማግሌ ፍሪጅ ጉርምርምታ ይሰማል።

«ማነው እዚያ?» አለ የአክስቷ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

 በአንድ ግንብ ሁለት ጎን እየኖሩ እንዲህ ተቀራርበው ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል።

«ሚጣ? ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ታፍኗል።»

ልትነግራቸው አላሰበችም ነበር። ግን «ምን ሆነሻል» ብሎ ሰው ከጠየቃት ሰንብቷል፤ አባቷ አይጠይቁም፣ እናቷ መልሱን ስለሚያውቁ አይደፍሩም። ግንቡን ተደግፋ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው።

አክስትየው እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ልጁ ይኼን ገመድ አይቶታል?»

«አይቶታል። አሁን ነው የገባኝ። አይቶ ነው የተቀበለው።»

«እና እዚህ ግንብ ሥር ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ። «ሂጂ ወደ ልጁ።»

ቆጣሪውን ሱቁ ውስጥ የአንድ ማሽን ካርቦሬተር በታትኖ ቤንዚን በነካ ጨርቅ እየጠረገ ነው ያገኘችው። ሲያያት እጁ ቆመ።

«አየሁት» አለችው።

«ምኑን?»

«ገመዱን። ራሴ ነኝ ያገኘሁት፤ ሁሉንም አጥፍቼ አዳምጬ።»

ካርቦሬተሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ደስታ ይሁን ሐዘን ያልለየ ነገር አለፈ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ወይ አባትሽን ትዋሺያለሽ፣ ወይ እናትሽን ታጋልጫለሽ። ሁለቱንም አልወድልሽም።»

«እኔን ማጣት ይሻላል ማለት ነው?»

«አይሻልም» አለ። ጠረጴዛውን እያየ ነው የሚናገረው። «ምንም አይሻልም። ከዚያ እሁድ ወዲህ ሰው ማሽን ይዞ ሲመጣ ስለ ምን እንደሚያወራኝ አልሰማውም። ግን የሴትየዋ መድኃኒት ነው፤ እሳቸው የሚያጡት ሕይወታቸውን ነው፤ እኔ የማጣው ሌላ ነገር ነው።»

ሚጣ ልትቆጣው ነበር የመጣችው፤ ሞልቶ የመጣው ቁጣ ግን እዚያው ቀለጠ።

«ስማኝ» አለችው። «ለእኔ አስበህ ከእኔ የምትደብቀው ነገር ሁለተኛ አልፈልግም። ሸክሙን አካፍለኝ። ከከበደኝ እነግርሃለሁ፤ ሲከብደኝ ደግሞ ትሰማኛለህ፣ አንተ ማሽን እንኳ ትሰማለህ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«ታረቅን?»

«አልታረቅንም። እጅህን ታጠብና ተነሥ፣ እንሂድ።»

ግቢው በር ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አክስትየው በመንገዱ ዞረው መጥተዋል፤ ከዘራ ተደግፈው፣ ያንን ረጅም ገመድ ጠቅልለው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ከወንድማቸው ፊት ቆመዋል። እናትየውም ከለቅሶ ቤት ተመልሰው ደረጃው ላይ ደርቀው ቀርተዋል።

«ያ ልጅ አልተሳሳተም» ይላሉ አክስትየው። «ያንተን ቤት ልክ አድርጎ ነው የቆጠረው። እኔ ነኝ በቀዳዳ የገባሁት። እኔን እንዴት ይቁጠረኝ? አንተ ራስህ መቁጠር ከተውከኝ ስንት ዘመንህ ነው። ሚስትህ ግን አልተወችኝም። ገመድህ ይኸው፣ ስቤ ነቅዬዋለሁ። መድኃኒቱ ከተበላሸም ይበላሽ፤ የወንድሜን ልጅ ቤት አፍርሼ በሕይወት መኖር አልፈልግም።»

አባትየው ገመዱን አዩት። ክንዱን አዩት፤ የእህታቸው ክንድ እንዲህ መቅጠኑን አላወቁም ነበር። ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ያሳለፍሽው?»

«እኔ ነኝ። ደግሜም አሳልፈዋለሁ» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ ቃላቸው አልተንቀጠቀጠም።

 ማሽኑ ግቢው ጥግ ላይ ብቻውን ይጮኻል። አባትየው ሄደው ገመዱን ከእህታቸው ክንድ ላይ ቀስ ብለው አወረዱት።

«እታለም» አሏቸው፤ ልጅ ሳሉ እንደሚጠሯቸው። «ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ሂጂ፣ ከማዶ ሆነሽ ጫፉን ተቀበዪኝ።»

እህትየው ዞረው ሲሄዱ፣ አንዱን ጫፍ ዕቃ ቤት ሰክተው ሌላውን ራሳቸው ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አሳለፉት። ጉልበታቸው እያመማቸው ሲነሡ ቆጣሪው ደገፋቸው።

«ለምን አልነገርከኝም አልልህም» አሉት፤ ክንዱን አልለቀቁም። «ዕድሜዬን ሙሉ ጎደሎ ሚዛን ስይዝ ኖርኩ። የያዝኩት ሁሉ ለራሱ ብሎ የሰው ያጎደለ ነው። ለሰው ብሎ የራሱን ያጎደለ ግን በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ሰኞ ትልቁን አምጣ። ሁለቱን ቤት ቁጠር።»

«እሺ ጋሼ።»

«ያን እሁድ የጀመርከውን ነገር ደግሞ አልጨረስክም።»

ቆጣሪው ሚጣን አየ። ሚጣ የነቀለችውን ፍሪጅ መልሳ ሰክታ፣ ውሃ ታንከሩን ሞልቼ እመጣለሁ ብላ ፓምፑን አብርታ ነበር፤ እጇ ማብሪያው ላይ እንደሆነ ቀረች። ሁለቱ ወንዶች የቆሙት ከማሽኑ አጠገብ ነው፤ ለመሰማማት መጮኽ ያስፈልጋል።

«ጋሼ፣ ልጅዎን…»

«ምን?»

«ልጅዎን ነው!»

«ምን ሆነች ልጄ?»

ያን ጊዜ ከማዶ አክስትየው ሶኬቱን ሰኩ። የሽማግሌው ፍሪጅ፣ የዚህኛው ቤት ፍሪጅና ፓምፑ አንድ ላይ ገጠሙና ማሽኑ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። ቆጣሪው ግን ጉሮሮውን ከፍቶ ነበር፤ ማቆም አልቻለም።

«እወዳታለሁ!»

ቃሉ በባዶው ጸጥታ ላይ ወጣ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆመ። ከግንቡ ማዶ አክስትየው «እኛም ሰምተናል!» አሉ።

አባትየው ጆሯቸውን እያሹ «እኔ ላይ ምን ያስጮኽሃል? ለእሷ ንገራት እንጂ» አሉት። ከንፈራቸው ግን ፈገግታውን መያዝ አልቻለም።

«ነግሮኛል» አለች ሚጣ። «በአፉ ባይናገርም ነግሮኛል። ያልነገርኩት እኔ ነኝ።»

ቀጥ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመችና እወድሃለሁ አለችው። ለእሱ ብቻ ብላ ቀስ አድርጋ ነው ያለችው፤ ማሽኑ ግን ጠፍቶ ነበርና ከግንቡ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።